«ለቀልድ ነው» እያልን የምናቆስለው ልብ

ቢስሚላሂ አርረሕማኒ አርረሒም



ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ምስጋና ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። ወደ መስጂድ ከመውጣታችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ። የዛሬው ማስታወሻ ስለ አንድ የተለመደ ጥፋት ነው። ብዙዎቻችን አድርገነዋል፤ ብዙዎቻችን ደርሶብናል። ስሙን ግን «ቀልድ» ብለነው አልፈናል።

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን መድረሳ አብሮን የሚቀራ አንድ ልጅ ነበር። ምላሱ ይያዛል። ተራው ደርሶ ሲቀራ የመጀመሪያዋ ፊደል ላይ ይቆማል። ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ የአንገቱ ሥር ይገተራል፣ ድምፁ ግን አይወጣም። ኡስታዙ ፊታቸውን ዞር ሲያደርጉ ከኋላ አንዱ ልክ እንደ እሱ «እ... እ... እ...» ይላል። ሁላችንም እንስቃለን። ቀስ በቀስ ስሙ ቀረና በዚያ ድምፅ መጠራት ጀመረ። በሱቅ ደጃፍ፣ በኳስ ሜዳ፣ በመንገድ ላይ ሁሉ ያ ድምፅ ይከተለዋል።

እኔ ያንን ስም አላወጣሁለትም፤ አልመታሁትም። ግን ስቄያለሁ።

ልጁ ከዐስር በኋላ ሆዱን ያመው ጀመር። እናቱ መጀመሪያ አዘኑለት፣ በኋላ ሰነፍ ሆነ ብለው ተቆጡት። ውሎ አድሮ መድረሳ መምጣቱን አቆመ። እኛም ረሳነው።

ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ ለቅሶ ቤት ተገናኘን። ትልቅ ሰው ሆኗል፣ አግብቷል፣ ልጆች አሉት፣ ሱቁም ደህና ይሠራል። ሰላም ተባብለን ስናወራ ቆየን። የመግሪብ ሶላት ደርሶ «አንተ አሰግደን» ብዬ ስጋብዘው ፊቱ ተለወጠ። ከሶላቱ በኋላ ለብቻችን ስንሆን እንዲህ አለኝ፦ «እስካሁን የገዛ ልጆቼን እንኳ አሰግጄ አላውቅም። አላሁ አክበር ልል ስል ከኋላዬ የሚስቅ ሰው ያለ ይመስለኛል።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ረስቼው ነበር። እሱ ግን ያንን ሳቅ በሶላቱ ውስጥ ተሸክሞት ኖሯል።

*ይህ ነገር ምንድን ነው?*

ሰዎች ይጣላሉ፤ ልጆችም ይጋጫሉ። ሁለት እኩዮች ተናደው ቃላት ቢወራወሩና በማግስቱ ቢታረቁ ይህ ጠብ ነው። የምንነጋገርበት ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በስዊድን ተወልዶ በኖርዌይ ይኖር የነበረው የሥነ ልቦና ሊቅ ዳን ኦልዌየስ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በትምህርት ቤቶች ይህንን ሲያጠና ኖሯል። እሱ የለያቸው ምልክቶች ሦስት ናቸው። ድርጊቱ ሰውን ለመጉዳት ታስቦ የሚደረግ ነው። ደጋግሞ የሚፈጸም ነው። በአጥቂውና በተጠቂው መካከልም የአቅም መበላለጥ አለ፤ ተጠቂው ራሱን በቀላሉ መከላከል አይችልም።

የአቅም መበላለጥ የሚባለው የጡንቻ ብቻ አይደለም። አንድን ልጅ አሥር ሆነው ሲስቁበት ቁጥሩ ራሱ አቅም ነው። አለቃ በሠራተኛው ላይ፣ አሠሪ በቤት ሠራተኛዋ ላይ፣ ሀብታም ዘመድ በድሃ ዘመዱ ላይ፣ የከተማው ልጅ ከገጠር በመጣው ላይ፣ አማት በምራቷ ላይ አቅም አላቸው። በዐረብ አገር ቤት ውስጥ ፓስፖርቷ ተይዞባት ቀን ከሌት የምትሰደብ እህታችን መልስ መስጠት የማትችለው ቃል አጥታ አይደለም፤ አቅም አጥታ ነው። እዚህ አገር ቤት «ሠራተኛችን» የምንላት ልጅም እንዲሁ። ያኛውን ስንሰማ አንጀታችን ይቃጠላል፤ ይህኛውን ግን በገዛ ማዕድ ቤታችን ውስጥ አናየውም።

መልኩም ብዙ ነው። መማታትና መገፍተር አለ። ስድብና ማንጓጠጥ አለ። በመልክ፣ በቁመት፣ በቆዳ ቀለም፣ በብሔር፣ በአባት ሥራ፣ በአነጋገር ዘዬ ቅጽል ስም መለጠፍ አለ። ምንም ሳይናገሩ ማግለል አለ፤ ስትመጣ ዝም መባባል፣ ስትሄድ መሳሳቅ። ዛሬ ደግሞ ስልክ ተጨምሯል። ድሮ የተሰደበ ልጅ ቤቱ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ያርፍ ነበር። አሁን በቴሌግራም ግሩፕ የተለጠፈች ፎቶ፣ በቲክቶክ የተቀነጨበች ቪዲዮ ከነሳቋ አብራው አልጋው ላይ ትተኛለች።

ተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) እ.ኤ.አ በ2019 ባወጣው ሪፖርት ከብዙ አገሮች የተሰበሰበ መረጃ ተመልክቶ ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ገደማ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ በእኩዮቹ እንዲህ ዓይነት ጥቃት እንደደረሰበት አስታውቋል። ሠላሳ ልጆች በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ አሥሩ ማለት ነው።

*አእምሮን እንዴት ይጎዳል?*

አላህ ሰውነታችንን ሲፈጥር የአደጋ ደወል አስቀምጦበታል። ጅብ ብናይ ልባችን ይመታል፣ ትንፋሻችን ያጥራል፣ ጡንቻችን ይወጠራል፣ ኮርቲሶል የሚባለው ንጥረ ነገር በደማችን ውስጥ ይጨምራል። ይህ ለመሸሽ ወይም ለመከላከል ይረዳናል፤ ጅቡ ሲሄድ ደወሉ ይጠፋል። ይህ ራሕመት ነው።

በየቀኑ የሚሰደብ ሰው ግን ጅቡ አይሄድለትም። ነገም እዚያው ክፍል፣ እዚያው ቢሮ፣ እዚያው ቤት ውስጥ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ደወሉ አይጠፋም። እንቅልፍ ይሸሻል። ሆድና ራስ ያማል፤ ያ ልጅ ሆዴን አመመኝ ሲል እየዋሸ አልነበረም። ትምህርት አይገባም፣ ምክንያቱም አእምሮው ፊደሉን ሳይሆን በሩን ነው የሚጠብቀው። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ይመጣል። ሰውዬው ከውጭ የሚሰማውን ድምፅ የራሱ ድምፅ ያደርገዋል። «ሞኝ ነህ» ሲባል የኖረ ልጅ ማንም ሳይናገረው «እኔ ሞኝ ነኝ» ማለት ይጀምራል። ጭንቀትና ድባቴ የሚገቡት በዚህ በር ነው።

«ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» የምንል ካለን ይህንን እንስማ። በብሪታንያ እ.ኤ.አ በ1958 በአንድ ሳምንት ውስጥ የተወለዱ ሕፃናትን ሕይወት ለአሥርት ዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ። ከእነዚህ መካከል 7,771 የሚሆኑትን ወላጆች፣ ልጆቹ 7 እና 11 ዓመት ሲሆናቸው፣ በሌሎች ልጆች ይጠቁ እንደሆነ ጠይቀው መዘገቡ። የለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2014 ባወጡት ውጤት፣ በልጅነታቸው በተደጋጋሚ የተጠቁት ጎልማሳ ሆነውም እንኳ ለድባቴ፣ ለጭንቀትና ራስን ለማጥፋት ሐሳብ ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። አስቡት፤ አርባ ዓመት ገደማ አልፏል። ተሳዳቢው ምናልባት የልጅ ልጅ እያሳደገ ነው። ቁስሉ ግን አልዳነም።

አጥቂውም ነፃ አይወጣም። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና 1,420 ልጆችን እስከ ጉልምስና የተከታተለና እ.ኤ.አ በ2013 የታተመ ጥናት፣ ከሁሉ የከፋ ጉዳት የታየው ተጠቅተው ራሳቸውም በሚያጠቁት ላይ መሆኑን አሳይቷል። አጥቂ ብቻ የሆኑትም ሲያድጉ የሰውን መብት መርገጥ ጠባያቸው የሚሆንበት ዕድል ከፍ ያለ ነው። ግፍ ለግፈኛውም በሽታ ነው።

*አላህ ይህንን ሕመም ያውቀዋል*

አሁን ልቡ ለቆሰለው ወንድሜና እህቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ምናልባት ቤተሰብ ነግሯችኋል፤ ምናልባትም ኡስታዝ ተናግሯል፦ «ኢማንህ ቢጠነክር ቃል አይጎዳህም ነበር።» ይህ ስሕተት ነው።

ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የበረታ ኢማን ያለው ማን ነው? የመካ ሰዎች እብድ አሏቸው፣ ደጋሚ አሏቸው፣ ገጣሚ አሏቸው። በጧኢፍ ልጆችና ጋጠወጦች ተነሥተውባቸው እግራቸው እስኪደማ በድንጋይ ወገሯቸው። አላህ በሱረቱል ሒጅር 97ኛ አንቀጽ ላይ ምን እንዳላቸው ታውቃላችሁ? «ለምን ታዝናለህ» አላላቸውም። ሰዎቹ በሚናገሩት ነገር ደረታቸው እንደሚጠብ በእርግጥ እንደሚያውቅ ነገራቸው። በሚቀጥሉት አንቀጾችም ጌታቸውን በማወደስና በሱጁድ እንዲበረቱ አዘዛቸው።

ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። ሕመሙን አወቀላቸው፤ ከዚያ መጽናኛውን ሰጣቸው። እኛ ግን መጀመሪያውን ዘለን «ዚክር አድርግ፣ ሶብር አድርግ» ብቻ እንላለን። ዚክርም ሶብርም ሐቅ ነው። ግን በቃል መጎዳት የኢማን ድክመት ቢሆን ኖሮ አላህ በመልእክተኛው ደረት መጥበብ ላይ ምስክር ባልሆነ ነበር።

እናታችን ሶፊያ (ረ.ዐ) በትውልዷ የአይሁድ ልጅ መባሏን ሰምታ ስታለቅስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደረሱባት። ቲርሚዚ እንደዘገቡት፣ ለምን እንደምታለቅስ ጠየቋት፤ ሰሟት። ከዚያም የነብይ ዘር መሆኗን፣ አጎቷም ነብይ መሆናቸውን፣ የነብይም ሚስት መሆኗን አስታወሷት። የተናገረችውንም አላህን እንድትፈራ ገሠጿት። በአንድ ቦታ ላይ ሦስት ነገር አደረጉ። የተጎዳችውን አዳመጡ። ያሳፈሯትን ነገር ክብር አድርገው መለሱላት። ያጠፋችውንም «ተዪው፣ ቀልድ ነው» ብለው አላለፉም።

*«ለቀልድ ነው» ምክንያት ይሆናል?*

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ሶሓቦች ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር መንገድ ላይ ሳሉ አንደኛው እንቅልፍ ወሰደው። ሌላው ሄዶ ገመዱን ወሰደበት፤ ሰውየው ሲነቃ ደነገጠ። ማንም አልቆሰለም፣ ምንም አልጠፋም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ሙስሊም ሙስሊምን ማስደንገጥ እንደማይፈቀድለት ተናገሩ። አንዲት ድንጋጤ እንዲህ ከተባለላት፣ ልጅን ለዓመታት በስጋት ማኖር ምን ሊባል ነው?

በሱረቱል ሑጁራት 11ኛ አንቀጽ አላህ ወንዶች በወንዶች፣ ሴቶችም በሴቶች እንዳይሳለቁ፣ የሚሳለቁባቸው ሰዎች ከእነሱ የተሻሉ ሊሆኑ እንደሚችሉ፣ እርስ በርስ እንዳንነዋወር፣ በመጥፎ ስምም እንዳንጠራራ ከልክሏል። ከዚህ ተግባር ያልተመለሱትንም በዳዮች ብሏቸዋል። ሰፈራችንን እናስብ። ስንቱን ሰው ነው ከነአካል ጉዳቱ የምንጠራው? ስንቱስ እውነተኛ ስሙ የሚታወቀው ጀናዛው ላይ ብቻ ነው?

ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) እግሮቹ ቀጫጭን ነበሩ። ዛፍ ላይ ሲወጣ ሰዎች እግሩን አይተው ሳቁ። ኢማም አሕመድ እንደዘገቡት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን እንዳሳቃቸው ጠየቁ፤ ከዚያም እነዚያ እግሮች በሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ እንደሚከብዱ ነገሯቸው። ሰዎቹ ያዩት ሥጋን ነበር፤ ሚዛኑ የሚለካው ግን ሌላ ነው።

ወደዚያ ምላሱ ወደሚያዝ ልጅ ልመለስ። ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን ሲላኩ ንግግራቸው ይገባ ዘንድ የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታላቸው አላህን ለመኑ። በሱረቱ ዙኽሩፍ 52ኛ አንቀጽ ላይ ደግሞ ፊርዐውን በሕዝቡ ፊት ቆሞ እሱ ከዚህ የተናቀና ንግግሩን ሊገልጽ ከማይቃረበው ሰው የሚበልጥ መሆኑን ሲናገር እናገኘዋለን። ወንድሞቼ፣ በሚንተባተብ ሰው ላይ መሳለቅ የማን ሱና እንደሆነ አያችሁ? በመድረሳ ተቀምጠን፣ ሙስሐፍ በእጃችን ይዘን፣ የፊርዐውንን ንግግር እንደግም ነበር።

*ቆመው የሚያዩት*

«እኔ ምን አደረግኩ? ዝም ብዬ ነው ያየሁት» የምንል ብዙ ነን። ሰው ብቻውን ሆኖ ሰውን ማሸማቀቅ ብዙም አይጥመውም፤ የሚስቅለት ይፈልጋል። በካናዳ ተመራማሪዎች የትምህርት ቤት ልጆችን በሜዳ ላይ በካሜራ ተከታትለው እ.ኤ.አ በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመልካቾቹ አንዱ ጣልቃ ሲገባ ከግማሽ በሚበልጠው ጊዜ ጥቃቱ በአሥር ሴኮንድ ውስጥ ቆሟል። አሥር ሴኮንድ! ሱረቱል ፋቲሓን ለመቅራት ከሚፈጀው ጊዜ ያነሰ ነው።

ይህንን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስቀድመው አስተምረውናል። ወንድማችንን በዳይም ሆነ ተበዳይ ሆኖ እንድንረዳው አዘዙ። በዳዩን እንዴት እንርዳው ተብለው ሲጠየቁ ከግፉ መከልከል እሱን መርዳት መሆኑን አስረዱ፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ስለዚህ «ተው፣ ስሙን ጥራው» ማለት ለሁለቱም እርዳታ ነው። መናገር ያልቻለ ደግሞ አለመሳቅ ይችላል፤ ቪዲዮውን አለማጋራት ይችላል፤ በኋላ ሄዶ ከተሰደበው ልጅ አጠገብ መቀመጥ ይችላል።

ትልልቆች ሲነሡ ውጤት ይገኛል። በሰሜን ኖርዌይ እ.ኤ.አ በ1982 ሦስት ልጆች በእኩዮቻቸው ከባድ ጥቃት ሳቢያ ሳይሆን አይቀርም ሕይወታቸውን አጠፉ። አገሪቱ ደነገጠች፤ በ1983 በሁሉም ትምህርት ቤቶች ዘመቻ ተጀመረ። ኦልዌየስ በበርገን ከተማ 2,500 ያህል ተማሪዎችን ተከታትሎ ጥቃቱ በግማሽና ከዚያም በላይ መቀነሱን ዘገበ። የተደረገው ነገር ተአምር አልነበረም። ግልጽ ደንብ ወጣ፣ በእረፍት ሰዓት አዋቂዎች ሜዳው ላይ ቆሙ፣ ከልጆቹ ጋር በየክፍሉ ውይይት ተደረገ፣ ወላጆች ተጠሩ። የእኛ ትምህርት ቤቶችና መድረሳዎች ይህንን ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልጋቸውም።

*አጥፍተን ከነበረስ?*

አቡ ዘር (ረ.ዐ) ታላቅ ሶሓባ ነው። አንድ ቀን ተቆጥቶ አንድን ሰው በእናቱ ነወረው። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጃሂሊያ ያለበት ሰው መሆኑን ነገሩት። በእጃችን ሥር ያሉ ሠራተኞች ወንድሞቻችን መሆናቸውን፣ ከምንበላው ልናበላቸው፣ ከምንለብሰው ልናለብሳቸው፣ ከአቅማቸው በላይም እንዳንጭንባቸው አስተማሩት። አቡ ዘር አላኮረፈም፤ ተለወጠ። በኋላ እሱና አገልጋዩ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ይታዩ ነበር። ደግ ሰው ጃሂሊያ ሊያመልጠው ይችላል፤ ደግነቱ የሚታወቀው ሲነገረው በሚያደርገው ነገር ነው።

የሰው ሐቅ በኢስቲግፋር ብቻ አያልቅም። በሙስሊም ዘገባ የቂያማ ቀን ከሳሪው ሰው ሶላትና ጾም ይዞ ይመጣል፤ ግን ይህንን ሰድቧል፣ ያንን መትቷል። መልካም ሥራው ለተበዳዮቹ ይከፋፈላል፤ ሲያልቅበትም የእነሱ ኃጢአት ይጫንበታል። ዛሬ ስልክ ደውሎ «አፉ በለኝ» ማለት ከዚያ ቀን ይቀላል።

ወላጆችም ራሳችንን እንመርምር። ልጅ ማንጓጠጥን ብዙ ጊዜ የሚማረው ቤት ነው። አባት እናትን በእንግዳ ፊት ሲያዋርድ፣ እናት የሠራተኛዋን አነጋገር አስመስላ ስታስቅ፣ ልጅ እያየ ነው። አነስ (ረ.ዐ) ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ሆኖ አሥር ዓመት ሲያገለግል «ኡፍ» እንኳ እንዳላሉት ተናግሯል። ተግሣጽ ያስፈልጋል፤ ግን ልጅን በእኩዮቹ ፊት ማዋረድ ተርቢያ አይደለም።

*ምን እናድርግ?*

1. ምልክቱን እንወቅ። ልጃችሁ ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ ላለመሄድ ሰበብ ካበዛ፣ በዚያ ሰዓት ብቻ ሆዱን ወይም ራሱን የሚያመው ከሆነ፣ ደብተሩ እየተቀደደ ልብሱ እየጠፋ ከመጣ፣ እንቅልፍና ምግብ ከቀነሰ፣ ስልኩን አይቶ ፊቱ ከጠቆረ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት። «ማን አብሮህ ይጫወታል? በእረፍት የት ትቀመጣለህ?» ብላችሁ ጀምሩ።

2. ሲነግራችሁ «ለምን አልመለስክለትም» አትበሉት። መመለስ ቢችል ኖሮ ባልነገራችሁ። «የነገርከኝ ጥሩ አደረግክ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» በሉት። ከዚያም ከመምህሩ ወይም ከኡስታዙ ጋር ተነጋገሩ። በስልክ የተላከ ስድብ ከሆነ ሳታጠፉ በማስረጃነት አስቀምጡት።

3. በመሥሪያ ቤት ወይም በአሠሪ ቤት የምትጠቁ ቀኑንና የተባለውን ጻፉ፤ ብቻችሁን አትያዙት፣ ለምታምኑት ሰው ንገሩ። ሶብር ማለት ግፍን በዝምታ መሸከም ብቻ አይደለም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመካ ግፍ ሲከፋ ባልደረቦቻቸውን ወደ ሐበሻ ምድር፣ ግፍ ወደማይፈጸምበት ንጉሥ አገር፣ እንዲሰደዱ አዘዋል። ከግፍ ቦታ መውጣትም መንገድ ነው።

4. ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ሥራና ሶላት ከከበደ ሐኪም ጋር እንሂድ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል፤ አላህ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳወረደም አስተምረዋል። ሩቃና ዱዓ ከሕክምና ጋር አይጣሉም። አማኑኤል ሆስፒታልን ለስድብ መጠቀምም እንተው። በሽተኛን ከሐኪሙ ደጃፍ የሚመልሰው ይህ የእኛ ቀልድ ነው።

5. አንድ ሰው «መኖር ሰልችቶኛል» ካለ እንደ ዘበት አንየው፤ «ሐራም ነው» ብለንም አንጩህበት። ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ ብለን በቀጥታ እንጠይቀው። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ብቸኝነቱን ይቀንስለታል። ብቻውን አንተወው፤ ጉዳት ሊያደርስበት የሚችለውን ነገር እናርቅ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም እንውሰደው።

*ያ ወንድሜ*

በዚያ የለቅሶ ቤት ምሽት «አፉ በለኝ» አልኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «አንተ ስም አላወጣህልኝም» አለኝ። «ስቄያለሁ» አልኩት። «አዎ፣ አስታውሳለሁ» አለ። ያቺ ቃል ከስድብ በላይ ወጋችኝ፤ ማን እንደሳቀና ማን እንዳልሳቀ ሁሉንም ያስታውሳል። ቆይቶ «ከልቤ አፉ ብዬሃለሁ» አለኝ፤ አላህ ይስጠው።

እኔም ላጽናናው ብዬ፣ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ያስተላለፈችውንና ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ አነሣሁለት። ቁርኣንን አቀላጥፎ የሚቀራ ከተከበሩት መላእክት ጋር ነው፤ እየተንተባተበና እየከበደው የሚቀራ ግን ሁለት አጅር አለው። ፈገግ አለና «እሱንማ አውቀዋለሁ» አለኝ። «ካደግኩ በኋላ ነው የሰማሁት። ያኔ መድረሳ ውስጥ ከናንተ አንዱ ቢነግረኝ ኖሮ ግን...» ብሎ አልጨረሰውም።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬም በየመድረሳው፣ በየክፍሉ፣ በየቢሮው ተራው ሲደርስ የሚንቀጠቀጥ ሰው ተቀምጧል። ከእናንተ አንዱ ይንገረው። በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እንሥራ። በመጥፎ ስም የምንጠራውን አንድ ሰው በእውነተኛ ስሙ እንጥራ። የበደልነውን አንድ ሰው አፉ እንዲለን እንጠይቅ። ሰው ሲሳለቅበት ያየን እንደሆነም አሥሯን ሴኮንድ አንንፈግ።

አላህ ምላሳችንን ከሰው ሥጋ ይጠብቅልን። የተሰበሩ ልቦችን ይጠግን፣ የጠበቡ ደረቶችን ያስፋ። የበደልናቸው አፉ እንዲሉን፣ የበደሉንንም አፉ ለማለት ልብ ይስጠን። በዚህ የተባረከ ቀን በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት ማብዛትን፣ ሱረቱል ካህፍን መቅራትንም አትርሱ።

ጁሙዓ ሙባረክ። ይህንን ጽሑፍ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለኡስታዞች ሼር አድርጉ፤ ምናልባት አንድ ልጅ ነገ ሆዱን ሳያመው መድረሳ ይሄድ ይሆናል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ